ቦርጭ ስኳር በሽታን እንዴት ያመጣል?

በጅማ አንድ ሰው ስኳር በሽታ እንደያዘው ሲሰማ ጎረቤት ወዲያው ምክንያት ያገኝለታል። ወይ «ሻዩ ላይ ስኳር ያበዛ ነበር» ይባላል፤ ወይ ደግሞ «ያኔ ወንድሙ ሲሞት የደነገጠው ነው» ይባላል። ሁለቱም የእውነት ጫፍ ይዘዋል፤ ዋናውን ግን ይስታሉ። በጎልማሶች ላይ በብዛት የሚታየው የስኳር በሽታ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እኛ የድሎት ምልክት አድርገን በምናየው ቦታ ነው፤ ሆድ ውስጥ በሚከማች ስብ። «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል» ማለት አሁንም እንደ ምርቃት በሚቆጠርበት አገር ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ግን መነገር አለበት፤ ነገሩን ቀድሞ የተረዳ ሰው ጊዜ ሳያልፍበት ሊመልሰው ይችላልና።

ስብንና ስኳርን የሚያገናኛቸው ብግነት የሚባል የሰውነት ሂደት ነው። ሦስቱ እንዴት እንደሚያያዙ ከሥሩ እንይ። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምንናገረው ስለ የትኛው ስኳር በሽታ ነው?

ስኳር በሽታ በአንድ ስም ቢጠራም አንድ በሽታ አይደለም። ዓይነት 1 የሚባለው የሚመጣው የሰውነት የራሱ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት፣ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት በስህተት ሲያጠፏቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል፤ ሕክምናውም ዕድሜ ልክ ኢንሱሊን መውሰድ ነው። ይህን ዓይነት ከረሜላ አያመጣውም። ልጃቸው የታመመው እነሱ ጣፋጭ ስለገዙለት እየመሰላቸው ራሳቸውን የሚወቅሱ ወላጆች አሉና ይህ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

ዓይነት 2 ሌላ ነው። በዚህኛው ኢንሱሊን አለ፤ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጤነኛ ሰው በላይ ሊኖር ይችላል፤ ሰውነት ግን ትእዛዙን አይቀበልም። በዓለም ካሉ የስኳር ሕሙማን ከ10 ሰዎች ከ9 በላይ የሚሆኑት ይህ ዓይነት ያለባቸው ናቸው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2024 ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 79 ከሆኑ ሰዎች መካከል 589 ሚሊዮኑ ከስኳር በሽታ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2022 ከዓለም ሕዝብ ከ8 ሰዎች 1 ሰው ከመጠን ያለፈ ውፍረት እንዳለበት አስታውቋል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን የሚያድጉት በአጋጣሚ አይደለም። ከዚህ በኋላ «ስኳር በሽታ» ስል ዓይነት 2ን ማለቴ ነው።

ኢንሱሊን ሥራው ምንድን ነው?

እንጀራ፣ ዳቦ፣ ገንፎ ወይም የበቆሎ ቂጣ ስንበላ ውስጡ ያለው ስታርች ተሰባብሮ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጥና ከአንጀት ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ ጣፋጭ በአፉ የማይዞር ሰው እንኳ ደሙ ውስጥ ስኳር አለ፤ ሊኖርም ይገባል፤ አንጎላችን የሚሠራው በዚያ ነው። ከጨጓራ ጀርባ ያለው ቆሽት የደም ስኳር ከፍ ማለቱን ሲያውቅ ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ይለቃል። ኢንሱሊን በደም ተጉዞ በተለይ ሦስት ቦታ ትእዛዝ ያደርሳል። ጡንቻን ስኳሩን እንዲያስገባ ያዘዋል። ጉበትን ስኳር ማምረቱን እንዲገታ ያዘዋል። የስብ ሕዋሳትን ደግሞ ያከማቹትን ስብ ይዘው እንዲቆዩ፣ ወደ ደም እንዳይለቁ ያዛቸዋል።

የጉበቱ ነገር ብዙ ሕሙማንን ግራ ያጋባል። «ማታ ምንም ሳልበላ ተኝቼ ጠዋት ስለካ እንዴት ይጨምራል?» የሚል ጥያቄ በየጤና ጣቢያው ይሰማል። መልሱ ጉበት ውስጥ ነው። ጉበት ተኝተን ሳለን አንጎል እንዳይራብ ስኳር እያመረተ ወደ ደም ይለቃል። የሚገታው ኢንሱሊን ነው። ጉበት ኢንሱሊንን መስማት ሲያቆም ሌሊቱን ሙሉ ያለ ልክ ያመርታል፤ ባለቤቱ ጦሙን አድሮም ስኳሩ ከፍ ብሎ ይነጋለታል።

ብግነት ሲባልስ ምን ማለት ነው?

እሾህ የወጋው እግር ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያተኩሳል፣ ያማል። በዕለት ቋንቋ ቁስሉ ተቆጣ እንላለን። ብግነት የሚባለው ይህ ነው፤ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ወደ ቦታው ደርሰው ጀርሙን እየተዋጉ መሆኑን ያሳያል። ሕዋሳቱ የሚለቋቸው መልእክተኛ ኬሚካሎች ሌሎች ሕዋሳትን ይጠራሉ፣ የደም ሥርን ያሰፋሉ፣ ትኩሳት ያስነሳሉ። ጀርሙ ሲጠፋ ሁሉም ይረግባል። ይህ አቅም ባይኖረን ኖሮ ትንሽ ጭረት ትገድለን ነበር።

ሌላ ዓይነት ብግነት ደግሞ አለ። አያምም፣ አያተኩስም፣ አያብጥም። መልእክተኛ ኬሚካሎቹ ያው ናቸው፤ መጠናቸው ግን ዝቅተኛ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አይረግብም። ለዓመታት ይቆያል። ሰውየው ምንም ሳይሰማው ሥራውን እየሠራ፣ ልጆቹን እያሳደገ ሰውነቱ በማያቋርጥ መጠነኛ ብግነት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሲአርፒ የሚባለው፣ ጉበት ለብግነት ምላሽ የሚያመርተው ፕሮቲን በደም ሲለካ ወፍራም ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ስብ ከብግነት ጋር ምን አገናኘው?

የነገሩ ልብ እዚህ ላይ ስለሆነ ጠለቅ ብለን እንየው።

ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችም ሆኑ ሌሎች ሰዎች ስብን ለክፉ ቀን የተቀመጠ ትርፍ ምግብ ብቻ አድርገው ያስቡት ነበር። በ1990ዎቹ ግን ይህ አመለካከት ፈረሰ። በ1993 ጎካን ሆታሚሽሊጊልና ብሩስ ስፒገልማን የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ከባልደረባቸው ጋር ባደረጉት ጥናት፣ የወፈሩ አይጦች ስብ ቲኤንኤፍ አልፋ የሚባለውን ኃይለኛ የብግነት መልእክተኛ እንደሚያመርት አሳዩ። ይህን መልእክተኛ ሲያግዱትም የእንስሳቱ ሰውነት ኢንሱሊንን መልሶ መስማት ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ሌፕቲንን አገኘ፤ ስብ ራሱ የሚያመርተው፣ ለአንጎል «በቂ ክምችት አለ» የሚል መልእክት የሚያደርስ ሆርሞን ነው። ስብ እንደ ቆሽትና እንደ ጉበት ሁሉ ለሌላው አካል መልእክት የሚልክ ሕያው አካል መሆኑ ታወቀ።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ከቆዳ ሥር፣ በዳሌና በጭን ላይ የሚቀመጠው ስብ በአብዛኛው ገር ነው። አስቸጋሪው የሆድ ዕቃን ከውስጥ የሚከብበው ነው። ለበዓል ሙክት ያረደ ሰው አንጀቱን የሸፈነውን ነጭ ሞራ ያውቀዋል። እኛም ሆድ ውስጥ ያው ሞራ አለ፤ ሲበዛ ነው ሆድን ወደ ፊት ገፍቶ ቦርጭ የሚሆነው። ከዚህ ስብ የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ ሞራው የሚለቀውን ሁሉ ከማንም በፊት የሚቀበለው ጉበት ነው።

ሞራ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ለማየት በጅማ ዙሪያ በአዝመራ ወቅት የሚሞላ የቡና መጋዘን እናስብ። መጋዘኑ በልኩ እስከሆነ ድረስ ጆንያው ተደርድሮ፣ አየር እየገባ፣ ቡናው ሳይበላሽ ይቆያል። ከአቅም በላይ ሲታጨቅ ግን ከሥር ያለው ጆንያ ይቀደዳል፤ አየር ስለማይገባ ቡናው ይሻግታል፤ የፈሰሰውን የሚሰበስቡና የሚጠብቁ ሰዎች ይጠራሉ፤ ጠባቂዎቹ ብዛታቸው ጨምሮ ጩኸቱ ከማየሉ የተነሳ በር ላይ ቆሞ የሚጣራ ሰው አይሰማም። አዲስ የሚመጣው ጭነት ደግሞ መቀመጫ ስለሚያጣ ለቡና ወዳልተሠራ ቤት ሁሉ ይገባል።

በሰውነት ውስጥም ይኸው ይሆናል። እያንዳንዱ የስብ ሕዋስ ስብ እየተጨመረበት ይነፋል። ሲተልቅ የደም ሥር በበቂ ስለማይደርሰው ኦክስጅን ያጥረዋል፤ አንዳንዱ ይሞታል፤ የያዘው ስብም ይፈሳል። የሞተውን ለማጽዳት ማክሮፌጅ የሚባሉ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ይመጣሉ፤ የሞተውን ሕዋስ ዙሪያውን ከበው ይሠራሉ፤ እየሠሩም የብግነት መልእክተኞችን ይለቃሉ። መልእክተኞቹ ሌሎች ማክሮፌጆችን ይጠራሉ። በ2003 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ቡድኖች ለየብቻ ይህን በማስረጃ አሳዩ። ከመካከላቸው አንዱ በሰዎች ስብ ውስጥ የማክሮፌጆችን ድርሻ ሲቆጥር፣ ቀጭኖቹ ላይ ከ10 በመቶ በታች የነበረው በጣም ወፍራሞቹ ላይ ወደ 40 በመቶ ይጠጋ ነበር። በስብ ውስጥ ካሉት ሕዋሳት ከግማሽ የማይርቁት ሊያጸዱ የመጡ ተከላካዮች ናቸው ማለት ነው። ሰው መብላቱን እስካልቀነሰ ድረስ ደግሞ የሚጸዳው አያልቅም።

በዚህ መሃል አዲፖኔክቲን የሚባለው፣ ስብ የሚያመርተው ጠቃሚ ሆርሞን እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ሆርሞን ሰውነት ኢንሱሊንን እንዲሰማ የሚያግዝ ስለሆነ ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው።

ታዲያ ኢንሱሊን ለምን አይሰማም?

ኢንሱሊን የጡንቻ ሕዋስ ላይ ሲደርስ ራሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ሥራ አይሠራም። ላዩ ላይ ካለ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ይገናኛል፤ ተቀባዩ መልእክቱን ውስጥ ላለ ፕሮቲን ያቀብላል፤ ያም ለሌላው ያቀብላል፤ በመጨረሻ ስኳር አስገቢ ፕሮቲኖች ከሕዋሱ ውስጥ ወደ ላይ ወጥተው ስኳሩን ያስገባሉ። ቲኤንኤፍ አልፋና ጓደኞቹ ይህን ቅብብሎሽ መሃል ላይ ያደናቅፉታል። በሕዋሱ ውስጥ የሚቀሰቅሷቸው ኢንዛይሞች ከቅብብሎሹ ፕሮቲኖች በአንዱ ላይ፣ በማይገባው ቦታ፣ ፎስፌት የሚባል ቅንጣት ይለጥፉበታል። ፕሮቲኑ የተቀበለውን መልእክት በደንብ ማስተላለፍ አይችልም። ኢንሱሊን ደርሷል፤ ተቀባዩም አለ፤ ትእዛዙ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

ሁለተኛው መንገድ የፈሰሰው ስብ ነው። መቀመጫ ያጣ ስብ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይገባል። እነዚህ አካላት ብዙ ስብ ለመያዝ የተሠሩ አይደሉም። አልኮል በአፋቸው ያልዞረ ሰዎች አልትራሳውንድ ተነሥተው «ጉበትህ ስብ አለው» ሲባሉ የሚደነግጡት ስለዚህ ነው። ጉበት ውስጥ የገባው ስብም የኢንሱሊንን መልእክት ያውካል።

ሰውነት ራሱን የሚጎዳ እንዲህ ያለ ነገር ለምን ያደርጋል? የሚታመነው ማብራሪያ ይህ ነው። ወባ ወይም የሳንባ ምች የያዘው ሰው ተከላካይ ሕዋሳቱ ለውጊያው ብዙ ስኳር ይፈልጋሉ። ብግነቱ ለጊዜው ጡንቻን ከኢንሱሊን ጋር ያቆራርጠዋል፤ ስኳሩም ለተዋጊዎቹና ለአንጎል ይተርፋል። ለጥቂት ቀናት ከሆነ ብልሃት ነው። ስኳር ያለበት ሰው ትኩሳት ሲይዘው ወይም እግሩ ሲቆስል ምግቡን ሳይለውጥ ስኳሩ የሚያሻቅበውም ለዚህ ነው። ችግሩ በሞራ የተነሣው ብግነት የጥቂት ቀናት አለመሆኑ ነው።

ቆሽት እስከ መቼ ይችላል?

ሰውነት ኢንሱሊንን አልሰማ ሲል ቆሽት አብዝቶ ያመርታል። ለብዙ ዓመታት ይህ ይሠራል፤ የደም ስኳሩም በልኩ ይቆያል። ሰውየው ቢለካ እንኳ ጤነኛ ነህ ይባላል። ከዚያ ኢንሱሊን አምራቾቹ ሕዋሳት መድከም ይጀምራሉ። ራሱ የጨመረው ስኳር፣ በደም የሚዞረው ስብና ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የሚባለው የብግነት መልእክተኛ ይጎዷቸዋል። ምርቱ ሲቀንስ ስኳሩ ቀስ እያለ ይወጣል፤ መጀመሪያ ቅድመ ስኳር ወደሚባለው ደረጃ፣ ቆይቶ ወደ በሽታው። ከፍ ያለው ስኳር በተራው ብግነትን ያባብሳል፤ ብግነቱ የደም ሥር ግድግዳን ይጎዳል። የልብ ድካም፣ ስትሮክ፣ የኩላሊትና የዓይን ጉዳት፣ የማይድን የእግር ቁስል ከዚህ ይመነጫሉ። የሳንባ ነቀርሳ አደጋም ስኳር ባለበት ሰው ላይ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይጨምራል፤ ነቀርሳ ገና ባልጠፋበት አገራችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ብግነቱን በመድኃኒት ማጥፋት አይቻልም?

ይህን ጥያቄ ሐኪሞች ከ140 ዓመት በላይ ሲጠይቁት ኖረዋል። በ1876 ቪልሄልም ኤብሽታይን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የአስፕሪን ዘመድ የሆነውን ሶዲየም ሳሊሲሌት በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ፣ የሕሙማኑ ሽንት ውስጥ ያለው ስኳር መቀነሱን ጽፎ ነበር። በዚያ ዘመን ምክንያቱ አልታወቀም። በእኛ ዘመን ሳልሳሌት የሚባለው የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት በጥናት ተፈትኖ የደም ስኳርን በመጠኑ ቀንሷል። ካናኪኑማብ የተባለው፣ ኢንተርሉኪን 1 ቤታን የሚያግድ ውድ መርፌ ደግሞ ወደ 10,000 በሚጠጉ የልብ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2017 ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክን) እንደቀነሰ ተገለጸ፤ ቅድመ ስኳር የነበረባቸውን ግን ወደ ስኳር በሽታ ከመሻገር አላዳናቸውም።

ከዚህ የምንረዳው ብግነት የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት መሆኑን ነው፤ ሰንሰለቱ በሙሉ አይደለም። መጋዘኑ እንደታጨቀ ሳለ ጠባቂዎቹን ዝም ማሰኘት ብቻ የፈሰሰውን አይሰበስበውም።

ስለዚህ ከፋርማሲ የብግነት መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ መፍትሔ አይደለም፤ አደገኛም ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በዘልማድ ሲወሰዱ ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ የስኳር ሕሙማን ኩላሊት ደግሞ አስቀድሞ የተጋለጠ ነው። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ኃይለኛ ብግነት አርጋቢዎች ቢሆኑም የደም ስኳርን በቀጥታ ያሻቅባሉ፤ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራሉ፤ ሆድ ላይ ስብ ያከማቻሉ። ለመወፈር ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዴክሳ የሚወስድ ሰው ይህ ጽሑፍ የሚገልጸውን ሁሉ በራሱ እጅ እያስጀመረ ነው። እባካችሁ ይህን ለምታውቁት ወጣት ንገሩ።

አብሽ፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ሽፈራውስ? አብሽ በአነስተኛ ጥናቶች የደም ስኳርን በጥቂቱ ሲቀንስ ታይቷል። በምግብነት ቢወሰድ ክፋት የለውም። በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት አቁሞ እሱን መተካት ግን ሕይወት ያስከፍላል።

ቀጭን ሰውን ለምን ይይዛል?

«እሱ ሲበላም የማይወፍር ነው፤ እንዴት ስኳር ያዘው?» የሚለው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የስብ መያዣው ስፋት ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ 110 ኪሎ ደርሶም ስቡን ከቆዳው ሥር አስቀምጦ ይኖራል፤ ሌላው 70 ኪሎ ላይ መያዣው ሞልቶ ወደ ጉበቱ መፍሰስ ይጀምራል። ለዚህ ጠንካራ ማስረጃ የሚሆነን ሊፖዲስትሮፊ የሚባል ብርቅ በሽታ ነው። እነዚህ ሰዎች የስብ ሕዋስ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ አጥንታቸውና ጡንቻቸው ይታያል፤ ሆኖም ከባድ ስኳር በሽታ ይይዛቸዋል። ስብ የሚቀመጥበት ሲያጣ ሁሉም ወደ ጉበትና ጡንቻ ይሄዳልና። ጥፋቱ የስብ መኖር ሳይሆን ከቦታው መፍሰሱ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከውፍረትም ከብግነትም ጋር የማይያያዝ ሌላ ዓይነትም አለ። በልጅነታቸው በቂ ምግብ ያላገኙ፣ በጣም ቀጭን የሆኑ ወጣቶችን የሚይዝ ነው። በ1955 በጃማይካ ተገልጾ ነበር፤ በኋላ በሌሎች ድሃ አገሮችም ታየ፤ በጎንደር ዙሪያ የገጠር ሕሙማን ላይ የተሠራና በ2009 የታተመ ጥናትም ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ጠይቋል። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ዓይነት 5 ብሎ ዕውቅና ሰጠው። በጅማ ዙሪያ ካሉ ገጠሮች ለሚመጣ ቀጭን ሕመምተኛ «ክብደት ቀንስ» የሚለው የተለመደ ምክር ሊጎዳው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ድንጋጤ፣ ቡናና ጫትስ?

በድንጋጤ ጊዜ የሚለቀቁት አድሬናሊንና ኮርቲዞል የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። ግን አንድ ሌሊት ባዶ ከነበረ ቦታ ስኳር በሽታን አይፈጥርም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው፣ በሽታው ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ በሐዘኑ ወቅት ሲያሻቅብ ሰውየው ሐኪም ዘንድ መሄዱ ነው። ለዓመታት የዘለቀ ጭንቀትና የእንቅልፍ እጦት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱም ኢንሱሊን እንዳይሰማ ያደርጋሉ።

ቡና ለጅማ ሰው የክብር ጉዳይ ነው፤ ደግነቱ የሚከሰስበት ማስረጃ የለም። ብዙ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ቡና ጠጪዎችን ስኳር በሽታ የሚይዛቸው ከማይጠጡት ባነሰ መጠን እንደሆነ አግኝተዋል፤ ቡናው ራሱ ስለመከላከሉ ግን ገና የመጨረሻ ማረጋገጫ የለም። ሒሳቡ ያለው ስኳሩ ላይ ነው። በሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው 8 ግራም ያህል ይወስዳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲጨርስ 24 ግራም ሆነ። ጠዋትና ከሰዓት ከጠጣ 48 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል 25 ግራም ላይ እንዲቆም ይመክራል። በጨው ወይም ባዶውን የሚጠጡ አባቶችና እናቶች በዚህ ረገድ ቀድመውናል።

ስለ ጫት በራሱ የጥናቶቹ ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። አብሮት የሚመጣው ግን ግልጽ ነው፤ ለሰዓታት መቀመጥ፣ ጠርሙስ በጠርሙስ የሚጠጣ ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ እንቅልፍ የሌለው ሌሊት። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው።

ወደ ኋላ ይመለሳል?

አዎ፤ በተለይ ቀድሞ ከተደረሰበት። በ2002 በአሜሪካ ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት ቅድመ ስኳር ያለባቸውን 3,234 ሰዎች ተከታተለ። አንዱ ቡድን ክብደቱን 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ታገዘ። ወደ ስኳር በሽታ የመሻገር አደጋቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት የተሰጣቸው ሰዎች አደጋ ደግሞ በ31 በመቶ ቀነሰ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት ከ6 ኪሎ በታች ነው። ቀጭን ሁኑ የተባለ የለም፤ ከመጋዘኑ ጥቂት ይውጣ ነው የተባለው። መጀመሪያ የሚወጣው ደግሞ የጉበትና የሆድ ውስጥ ስብ ነው።

በሽታው ከያዘ በኋላም ተስፋ አለ። በብሪታንያ በ2017 ይፋ የሆነ ጥናት፣ በሽታው ከታወቀባቸው 6 ዓመት ያላለፋቸው ሰዎች በሐኪም ክትትል ክብደት እንዲቀንሱ ሲደረግ 46 በመቶዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መጠን በታች ወረደ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል ይህን ያገኙት 86 በመቶ ናቸው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ይህን በራሱ ፈቃድ መሞከር የለበትም፤ ስኳሩ በአንዴ ወርዶ ሊጥለው ይችላል። ጾምም ሆነ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪም ማማከር የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው።

መንቀሳቀስ ከክብደት መቀነስ የተለየ የራሱ ጥቅም አለው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝ ማስገባት ይችላል። የተበላሸውን ቅብብሎሽ አልፎ የሚሄድ ሌላ መንገድ አለው። ጥቅሙም ከእንቅስቃሴው በኋላ እስከ ማግሥቱ ይዘልቃል። ስለዚህ ሚዛን ላይ ምንም ያልቀነሰ ሰው እንኳ ከምሳ በኋላ ባጃጁን ትቶ ከመርካቶ ወደ ቤቱ በእግሩ ቢሄድ፣ ወይም እሑድ የጅሬንን ዳገት ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቢወጣ ደሙ ውስጥ ልዩነት አለ።

በዜና የሚሰማው እንደ ሴማግሉታይድ ያለ የክብደት መቀነሻ መርፌም በዚሁ መስመር ነው የሚሠራው፤ የምግብ ፍላጎትን ቀንሶ ስብን ያጎድላል፤ የብግነት ምልክቶችም አብረው ይወርዳሉ። ዋጋው ውድ ነው፤ ሲቆም ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ያለ ሐኪም የሚወሰድም አይደለም።

ማን፣ መቼ ይመርመር?

ቤት ውስጥ በክር መጀመር ይቻላል። ቁመትዎን በክር ይለኩ፤ ክሩን ለሁለት እጠፉት፤ የታጠፈውን ክር በእምብርትዎ ዙሪያ ያዙሩት። ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ ወገብዎ ከቁመትዎ ግማሽ በልጧል፤ ክብደትዎ ምንም ይሁን ምን ሞራዎ በዝቷል ማለት ነው፤ ሄደው ይለኩ። ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ ስኳር ያለበት፣ የደም ግፊት ያለበት፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባት ሴት ክሩ ቢገናኝም ትመርመር፣ ይመርመር። የአሜሪካ የስኳር ማኅበር ምንም ምልክት ባይኖርም ከ35 ዓመት ጀምሮ መመርመርን ይመክራል። የውኃ ጥማት፣ ሽንት መመላለስ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የዓይን ብዥታ ያለበት ሰው ደግሞ ነገ ሳይል ዛሬውኑ ይሂድ።

ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳይበሉ ጠዋት የተለካ የደም ስኳር ከ100 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መነሻውን 110 ያደርገዋል። 126 እና ከዚያ በላይ ስኳር በሽታ ነው። ኤ ዋን ሲ የሚባለውና የሦስት ወር ያህል አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ቅድመ ስኳር፣ 6.5 እና ከዚያ በላይ ስኳር በሽታ ነው። ከጣት ጠብታ ደም የሚለካው ትንሽ መሣሪያ ጠቋሚ እንጂ ፈራጅ አይደለም፤ በላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት፤ ምልክት የሌለው ሰው ከሆነ ምርመራው መደገም አለበት። ቁጥሩ ቅድመ ስኳር ላይ ያረፈ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ወገቡ እየሰፋ ከሄደ ደግሞ ቶሎ ብሎ እንደገና ይለካ።